መንዳት የማስተማር ወጪ የማን ይሁን? አምስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

አራት የአክስትና የአጎት ልጆችን እናስብ። አንዱ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ይኖራል። ሁለተኛዋ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነች። ሦስተኛው ሻርለት፣ ኖርዝ ካሮላይና። አራተኛዋ ዳላስ። አራቱም 16 ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። በአራቱም ቤት ወሬው አንድ ነው፦ መንጃ ፈቃድ።

የአሌክሳንድሪያው ልጅ የመንገድ ሕጉን በ10ኛ ክፍል ከጤናና ስፖርት ትምህርት ጋር ይማራል። የሲልቨር ስፕሪንጓ ትምህርት ቤት ስለ መኪና መሪ ምንም አይነግራትም፤ ወላጆቿ የግል ማሰልጠኛ ፈልገው ይከፍላሉ። የሻርለቱ ልጅ ክፍሉንም የመንገድ ልምምዱንም በትምህርት ቤቱ በኩል ያገኛል፤ ቢበዛ 65 ዶላር ቢጠየቅ ነው። የዳላሷን ደግሞ አባቷ ራሱ ሊያስተምራት ይችላል፤ ሕጉ ይፈቅድለታል።

አገሩ አንድ ነው፤ ልጆቹም ያው እኩዮች ናቸው። ልዩነቱ ከፋዩ ማን ነው የሚለው ላይ ነው።

በየዓመቱ የበጀት ሰሞን ሲመጣ ይኸው ጥያቄ በትምህርት ቦርዶች ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለመንዳት ትምህርት፣ እዚህ አሜሪካ እንደምንለው ለድራይቨርስ ኤድ፣ ገንዘብ ማውጣታቸውን ይቀጥሉ? «የልጅ ሕይወት በገንዘብ አይተመንም» የሚል አለ። «ትምህርት ቤት ሒሳብና ንባብ ያስተምር፤ መሪ ማስያዝ የወላጅ ሥራ ነው» የሚልም አለ። ሁለቱም ወገን ነገሩን የሚያየው እንደ አዎና አይ ነው። በመካከል ግን ሌሎች መንገዶች አሉ፤ ክፍለ ግዛቶችም ለዓመታት እየሠሩባቸው ነው።

የራሴን አቋም ቀድሜ ልናገር። ገንዘቡ ይቀጥል ባይ ነኝ፤ አወጣጡ ግን ይቀየር። ለሁሉም እኩል ከሚበተን፣ መክፈል ለማይችለው ልጅ የመንገድ ላይ ሰዓት ቢገዛበት ይሻላል። ካልተስማማችሁ ችግር የለም፤ መለኪያዎቹን ይዛችሁ ራሳችሁ መዝኑት። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርት ቤት እዚህ ነገር ውስጥ እንዴት ገባ?

አዲስ አበባ መንጃ ያወጣ ሰው ጥያቄው ራሱ ይገርመዋል። እዚያ መንዳት የሚማሩት ከፍለው ማሰልጠኛ ገብተው ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህን የሚጠብቅ የለም።

አሜሪካ ሌላ መንገድ ሄደች። በ1930ዎቹ ኤሞስ ኔይሃርት የሚባል የፔን ስቴት መምህር፣ ስቴት ኮሌጅ በምትባል የፔንሲልቬንያ ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን መንዳት ማስተማር ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ በመላ አገሪቱ ተዳረሰ። መኪና የሌለው ሰው ሥራ የማይደርስበት አገር ስለሆነ፣ መንዳትን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት መቁጠር ብዙ ክርክር አላስነሳም። ክርክሩ የመጣው ኋላ፣ ጥናቶቹ ሲወጡ ነው።

መለኪያዎቹ

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንለካቸው እንስማማ። እኔ አምስት ነገር እጠይቃለሁ።

1. አደጋ ይቀንሳል ወይ?
2. ገንዘብ ለሌለው ልጅ፣ ለገጠር ልጅ፣ ወላጁ መኪና ለሌለው ልጅ ይደርሳል ወይ?
3. ወጪው ስንት ነው? ከማንስ ኪስ ይወጣል?
4. ልጁ በእውነት መሪ የሚጨብጠው ስንት ሰዓት ነው?
5. የአስተማሪውን ጥራት የሚቆጣጠር አለ ወይ?

እኩል ክብደት የላቸውም። የመጀመሪያው ከሁሉም ይከብዳል፤ ብዙ ሰው በስህተት የሚረዳውም እሱን ነው። ስለዚህ እሱ ላይ እንቆይ።

ትምህርቱ አደጋ ይቀንሳል?

መነሻው ግልጽ ነው። በተነዳው ማይል ሲሰላ፣ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች ሞት በሚያስከትል አደጋ ውስጥ የሚገቡት ከ20 በላይ ካሉት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ከሁሉ የባሰው ጊዜ ደግሞ ብቻቸውን መንዳት የጀመሩባቸው የመጀመሪያ ወራት ናቸው። ወላጅ አጠገባቸው ሲቀመጥ አደጋው ትንሽ ነው። ወላጅ በወረደ ማግስት ያሻቅባል።

እንግዲህ ቢማሩ ይቀንስላቸዋል ማለት ምክንያታዊ ነው። ግን ጥናቱ እንዲህ ቀላል መልስ አልሰጠም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ጆርጂያ ውስጥ፣ ዲካልብ ካውንቲ ላይ፣ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ትልቅ ሙከራ ተደረገ። 16,000 ያህል ተማሪዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ረጅምና ጠንካራ ሥልጠና አገኘ። ሁለተኛው ለፈተናው የሚያበቃውን ያህል ብቻ ተማረ። ሦስተኛው ከትምህርት ቤት ምንም አላገኘም። ውጤቱ ሲወጣ የተጠበቀው ትልቅ ልዩነት የለም። ቢበዛ ለጥቂት ወራት የቆየ መጠነኛ መሻሻል ነው የታየው። ሥልጠናው አንድ ነገር ግን በደንብ አደረገ፦ ልጆቹ ቶሎ ፈቃድ እንዲያወጡ። ቶሎ ያወጣ ቶሎ መንገድ ላይ ይወጣል። መንገድ ላይ የወጣ ደግሞ ይጋጫል።

ኮኔቲከት ሌላ ትምህርት ሰጠች። በ1976 ክፍለ ግዛቱ ለትምህርት ቤቶች የመንዳት ትምህርት የሚሰጠውን ገንዘብ አቆመ። አንዳንድ ከተሞች ፕሮግራሙን ዘጉት። በ1980 የታተመ ጥናት የተዘጋባቸውን ከተሞች ሲያይ፣ በ16 እና በ17 ዓመታቸው ፈቃድ የሚያወጡት ልጆች ቁጥር በብዙ ወረደ። የዚህ ዕድሜ አደጋም አብሮ ወረደ። አብዛኞቹ 18 እስኪሞላቸው ጠበቁ።

«ይቁም» የሚሉት ሰዎች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት እነዚህን ሁለቱን ነው። እውነት አላቸው፤ ጥናቶቹ የወጡበት ዘመን ግን ሌላ ነበር። ያኔ በብዙ ቦታ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ በቀጥታ ሙሉ ፈቃድ ያገኝ ነበር። ከ1996 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ፍሎሪዳ ከዚያም ሌሎቹ፣ ፈቃዱን በደረጃ መስጠት ጀመሩ። መጀመሪያ ፐርሚት፣ ማለትም የለማጅ ፈቃድ፣ ለብዙ ወራት ይያዛል። ከዚያ ገደብ ያለበት ፈቃድ ይመጣል፤ ሌሊት መንዳት ይከለከላል፣ ጓደኛ ጭኖ መሄድ ይገደባል። ሙሉው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬ ሁሉም ክፍለ ግዛት የዚህ ዓይነት ሕግ አለው። የወጣቶችን አደጋ በመቀነስ ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ያለውም ይኸው የደረጃ ሕግ ነው። ትምህርቱ ልጁን በአንድ ጊዜ ወደ መንገድ የሚወረውር በር መሆኑ ቀርቷል።

በ2015 ከነብራስካ የወጣው ጥናት በዚህ አዲስ ሕግ ሥር ያሉ ልጆችን ያየ ነው። ከ150,000 በላይ ወጣቶችን ተከታትሏል። እዚያ ልጁ ወይ ትምህርቱን ይወስዳል፣ ወይ ከወላጅ ጋር 50 ሰዓት ነድቶ መዝገብ ያስፈርማል። ትምህርቱን ያልወሰዱት በአደጋ የመሳተፍ ዕድላቸው 16 በመቶ፣ ሰው በሚጎዳበት ወይም በሚሞትበት አደጋ ደግሞ 24 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የትራፊክ ቅጣት ላይ ልዩነቱ 75 በመቶ ነበር። ይህ በዕጣ የተደረገ ሙከራ አይደለም። ልጁን ከፍሎ የሚያስተምር ቤተሰብ በሌላውም ነገር ጠንቃቃ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹ ይህን ለማጣራት ሞክረዋል፤ ሙሉ በሙሉ ማጣራት ግን ከባድ ነው።

አሁን ወደ ኮኔቲከት ልጆች እንመለስ። «18 እስኪሞላቸው ጠበቁ» ሲባል ጥሩ ይመስላል። ግን በብዙ ክፍለ ግዛት 18 የሞላው ልጅ ትምህርቱም ሆነ የደረጃ ገደቡ አይመለከተውም። በቨርጂኒያ 18 የሞላው ጀማሪ ፐርሚቱን 60 ቀን ከያዘ፣ ክፍል ሳይገባ ፈተናውን መውሰድ ይችላል። ኦሃዮ ውስጥ በ2022 የታተመ ጥናት ይህን ቀዳዳ አይቶታል። በ18 ዓመታቸው፣ ማለትም ያኔ ሥልጠናው ግዴታ ባልነበረበት ዕድሜ፣ ፈቃድ ያወጡት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከታናናሾቻቸው የባሰ ይጋጩ ነበር። የሚጠብቁት እነማን ናቸው ካላችሁ፣ ብዙዎቹ ለማሰልጠኛ የሚከፍሉት የሌላቸው ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የምይዘው እንዲህ ነው። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሕግ መስማት ብቻውን ሕይወት ያድናል የሚል ማስረጃ የለም። ከደረጃ ሕጉና ከበቂ ልምምድ ጋር ሲሆን ግን ይጠቅማል። ትምህርት ቤት ገንዘቡን ሲያቆም የሚጎዳው ደግሞ ድሃው ልጅ ነው፤ ሳይማር 18 ይሞላውና መንገድ ላይ ይወጣል።

አማራጭ 1፦ ሁሉንም ትምህርት ቤቱ ይቻል

ምሳሌው ኖርዝ ካሮላይና ነው። 30 ሰዓት ክፍል፣ 6 ሰዓት መንገድ። ልጁ 14 ዓመት ተኩል ሲሆነው መጀመር ይችላል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ መሆንም ግዴታ አይደለም፤ የግል ትምህርት ቤት ተማሪም፣ ቤት ውስጥ የሚማር ልጅም ይገባል። የትምህርት ዲስትሪክቱ ከቤተሰብ ሊጠይቅ የሚችለው ቢበዛ 65 ዶላር ነው። ከዚህ ሌላ ፈቃዱ ከትምህርት ጋር ታስሯል፤ ትምህርት ያቋረጠ ወይም በቂ ውጤት የሌለው ልጅ ፐርሚቱን ሊያጣ ይችላል። ይህን የሰማ ሐበሻ ወላጅ ወዲያው ሻንጣ ሸክፎ ሻርለት ካልገባሁ ሳይል አይቀርም።

በተደራሽነት የሚወዳደረው የለም። ችግሩ ወጪው ነው፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የክፍሉ ትምህርት ርካሽ ነው፤ አንድ መምህር 30 ልጅ ያስተምራል። መንገድ ላይ ግን አንድ አስተማሪ በአንድ ሰዓት መሪ የሚያስይዘው አንድ ልጅ ነው። 300 ተማሪ ቢኖር፣ በ6 ሰዓት ሲባዛ 1,800 ሰዓት ይሆናል። አንድ አስተማሪ በዓመቱ 180 የትምህርት ቀናት በየቀኑ 6 ሰዓት መኪና ውስጥ ቢውል 1,080 ሰዓት ነው። ስለዚህ ለ300 ልጅ ሁለት ሙሉ ደሞዝተኛ ሊያስፈልግ ነው። በአስተማሪው በኩል ተጨማሪ ፍሬን ያለው መኪና፣ ኢንሹራንስና ነዳጅ ገና አልተደመረም። የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች በ2015 ይህን ወጪ ለማስቀረት ብዙ የተከራከሩት በከንቱ አልነበረም።

ሌላው ችግር፣ ገንዘቡ መክፈል ለሚችለውም ለማይችለውም እኩል ይሄዳል።

አማራጭ 2፦ ክፍሉ በትምህርት ቤት፣ መንገዱ በክፍያ

ይህ የቨርጂኒያ መንገድ ነው። ልጁ በክፍል 36 ክፍለ ጊዜ ይማራል። መንገድ ላይ ደግሞ 7 ክፍለ ጊዜ ይነዳል፣ 7 ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ ሌላው ሲነዳ ያያል። ክፍለ ጊዜው 50 ደቂቃ ነው፤ 7ቱ ሲደመሩ 6 ሰዓት አይሞሉም። የመንገዱን ልምምድ አንዳንድ ዲስትሪክቶች ከትምህርት ሰዓት ውጭ በክፍያ ይሰጣሉ። ካልሆነ ቤተሰቡ የግል ማሰልጠኛ ይሄዳል። ከወላጅ ጋር 45 ሰዓት መንዳት ግዴታ ነው፤ 15ቱ ከመሸ በኋላ።

እዚህ ደስ የሚለኝ ወላጅን ማስገባታቸው ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ የክፍሉ ትምህርት ወላጅና ልጅ አብረው የሚቀመጡበት የ90 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አለው። መጨረሻ ላይ ለአካለ መጠን ያልደረሰው ልጅ ፈቃዱን የሚቀበለው ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ከዳኛ እጅ ነው። ወላጅም አብሮ ይቆማል። አንዳንዱ ልጅ ይህን ሥርዓት እንደ ቀልድ ያየዋል፤ ቀልድ እንዳልሆነ የሚገባው ቅጣት ይዞ ወደዚያው ሲመለስ ነው።

ድክመቱ ትምህርት ቤቱ የያዘው ርካሹን ግማሽ መሆኑ ነው። ውዱና ዋናው፣ መሪ የሚያስይዘው ክፍል፣ ወደ ቤተሰብ ተገፍቷል። መክፈል ያልቻለው ልጅ የክፍሉን ፈተና አልፎ እዚያው ይቆማል።

አማራጭ 3፦ ሙሉ በሙሉ ለግል ማሰልጠኛ

ሜሪላንድ እንዲህ ነች። 30 ሰዓት ክፍል፣ 6 ሰዓት መንገድ፣ የክፍለ ግዛቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ በሰጠው ማሰልጠኛ። ልጁ ፐርሚቱን በ15 ዓመት ከ9 ወሩ ያወጣል፣ 9 ወር ይይዘዋል፣ 60 ሰዓት ከትልቅ ሰው ጋር ይነዳል፤ ከዚህ ውስጥ 10ሩ በሌሊት ነው። ገደብ ያለበትን ፈቃድ የሚያገኘው በ16 ዓመት ተኩል ነው።

ለትምህርት ቤቱ ወጪ የለውም። ለቤተሰቡ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ሦስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ሦስቴ ያባዛዋል። ከተማ ውስጥ ምርጫ አለ፣ ሰዓቱም ይመቻል፤ በኢንተርኔት በቀጥታ የሚሰጥ ክፍልም አለ። ገጠር ከሆነ ማሰልጠኛው ራሱ ሩቅ ነው። ጥራቱም ከአስተማሪ አስተማሪ ይለያያል። ርካሹን የመረጠ ወላጅ፣ አስተማሪው ስልኩን እያየ ልጁን ባዶ መንገድ ላይ ሲያዞረው ውሎ ሰዓቱን ፈርሞ እንደሚሸኝ ዘግይቶ ነው የሚሰማው።

አማራጭ 4፦ ወላጅ ራሱ ያስተምር

ቴክሳስ ከ1997 ጀምሮ ትፈቅዳለች። ወላጅ የተፈቀደለትን የትምህርት ጥቅል ወስዶ የክፍሉን ትምህርት ያስተምራል ወይም በኢንተርኔት ያስጨርሳል። 7 ሰዓት ያስነዳል፣ 7 ሰዓት ያሳያል፣ ከዚያ 30 ሰዓት ያለማምዳል። የወላጁ የመንጃ ታሪክ ከባድ ጥፋት የሌለበት መሆን አለበት። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከዚህም ቀላል ነው፤ መደበኛ ትምህርት ግዴታ አይደለም፣ 40 ሰዓት ልምምድ ተፈርሞ ይቀርባል።

ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው። ብዙ ሰዓት መንዳትም ይመጣበታል፤ በተግባር ካደረጉት። የሚያሳስበው «ካደረጉት» የሚለው ነው። ፊርማው ያለ ልምምድ ሊወጣ ይችላል። የቴክሳስን ፕሮግራም የመረመረና በ2007 የወጣ ጥናት፣ በወላጅ የተማሩት በቅጣትም በአደጋም ከሌሎቹ የባሰ ታሪክ እንዳላቸው አገኘ።

ለእኛ ማኅበረሰብ ሌላም ነገር አለ። አባት በቀን 12 ሰዓት ኡበር ወይም ታክሲ ሲነዳ ይውላል፣ እናት የሌሊት ሥራ ነች። ሰዓቱ ከየት ይመጣል? ለዓመታት መንገድ ላይ መዋል ደግሞ ጥሩ አስተማሪ አያደርግም። ቢጫ መብራት ሲያይ ነዳጅ የሚረግጥ አባት ልጁንም ያንኑ ነው የሚያስተምረው። አንድ የሚረሳ ጉዳይ፦ መኪናው የሥራ ከሆነ ለማጅ ከማስነዳታችሁ በፊት ኢንሹራንሱ ይሸፍን እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ።

አማራጭ 5፦ ገንዘቡ ልጁን ይከተል

እዚህ ትምህርት ቤቱ ራሱ አያስተምርም፣ ወይም የሚያስተምረው ከፊሉን ነው። ገንዘቡ ግን አይጠፋም። ጥራቱ ለተረጋገጠ አሠልጣኝ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ድጎማ ይከፈላል። ኦሪገን ለዚህ ትቀርባለች። ከመንጃ ፈቃድ ክፍያ ከሚሰበሰብ ገንዘብ የተፈቀደላቸውን አሠልጣኞች ትደጉማለች፤ ስለዚህ ሸክሙ በትምህርት ቤቱ ዋና በጀት ላይ አይወድቅም። ብልጥ የሆነ ማበረታቻም አላት፦ ትምህርቱን የወሰደ ልጅ 50 ሰዓት ከወላጅ ጋር ይነዳል፤ ያልወሰደ 100።

እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ድጎማው በገቢ ይለካ። ትምህርት ቤቶች የትኛው ልጅ ነጻ ወይም ቅናሽ ምሳ እንደሚያገኝ ቀድሞም ያውቃሉ። ለዚያ የተዘጋጀውን መስፈርት እዚህ መጠቀም ይቻላል። የሚችለው ይክፈል፤ የማይችለው የመንገዱን ሰዓት በነጻ ያግኝ። ድክመቱ ወረቀት መብዛቱ ነው። ቤተሰቡ ቅጹን ካልሞላ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል፤ እንግሊዝኛ የሚቸግረው ወላጅ ደግሞ ቅጹን ቶሎ ይጥለዋል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የት አለ | ቤተሰብ የሚከፍለው | የትምህርት ቤት ሸክም | ለድሃው ልጅ | ዋናው ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| ሁሉም በትምህርት ቤት | ኖርዝ ካሮላይና | እስከ 65 ዶላር | ከባድ | ይደርሳል | ወጪ፣ የአስተማሪ እጥረት |
| ክፍሉ ብቻ በትምህርት ቤት | ቨርጂኒያ | የመንገዱን ልምምድ | መካከለኛ | በግማሽ | ዋናው ክፍል ወደ ቤተሰብ ይገፋል |
| በግል ማሰልጠኛ | ሜሪላንድ | ሁሉንም | የለም | አይደርስም | ለቤተሰብ ውድ ነው፣ ጥራቱ ይለያያል |
| በወላጅ | ቴክሳስ | ትንሽ | የለም | ወላጁ መኪናና ጊዜ ካለው | የሚቆጣጠር የለም |
| ልጁን የሚከተል ድጎማ | ኦሪገን (በከፊል) | እንደ ድጎማው | ቀላል | በደንብ ከተሠራ ይደርሳል | ወረቀትና ክትትል |

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኖርዝ ካሮላይና፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ሲታዩ የተለያዩ ይመስላሉ። የመንገዱ ሰዓት ግን በሦስቱም ያው 6 ገደማ ነው። በ6 ሰዓት ማንም ሾፌር አይሆንም። መኪናን የሚያለማምደው ከዚያ በኋላ ከትልቅ ሰው ጋር የሚነዳው 45 ወይም 60 ሰዓት ነው። የትኛውም አማራጭ ያንን አይተካም።

ለማን የትኛው?

*በጀቱ የጠበበ የከተማ ዲስትሪክት።* አምስተኛውን ምረጡ። አውቶቡስና ባቡር ባለበት ብዙ ልጅ በ16 ዓመቱ መንዳት አይፈልግም። ለማይፈልገው ክፍል ከመክፈት፣ ለሚፈልገውና ለማይችለው የመንገድ ሰዓት ግዙለት።

*የገጠር ዲስትሪክት።* አንደኛው ይሻላል፣ ቢወደድም። በአቅራቢያ የግል ማሰልጠኛ ከሌለ ድጎማ የሚሄድበት የለም። ሁለት ሦስት ጎረቤት ዲስትሪክቶች አንድ መኪናና አንድ አስተማሪ ቢጋሩ ወጪው ይቀላል።

*ወላጆቹ መክፈል የሚችሉበት ሰፈር።* ሁለተኛው ይበቃል። መንገዱን ወላጅ ይክፈል። የመክፈል አቅም የሌላቸውን ጥቂት ልጆች ግን ቦርዱ በስም ይወቃቸው፤ በሀብታም ሰፈርም አሉ።

*የግድ የሚቆረጥ ከሆነ።* የክፍሉ ትምህርት ይቆረጥ፣ የመንገዱ ይቆይ። ብዙ ቦርዶች ተቃራኒውን ነው የሚያደርጉት፤ ክፍሉ ርካሽ ስለሆነ እሱን ያስቀራሉ፣ ከዚያ «ፕሮግራሙ አልተዘጋም» ይላሉ። የመንገድ ሕግ በኢንተርኔትም በመጽሐፍም ይነበባል። ፍሬን አያያዝ አይነበብም።

*ልጁ 17 የሆነ ቤተሰብ።* «ጥቂት ወር ነው፣ 18 ይሙላውና ያለ ትምህርት ያውጣ» የሚለው ሐሳብ፣ ክፍለ ግዛቱ ከፈቀደ፣ ገንዘብ ያድናል። ምክሬ ግን ቢያንስ የመንገዱን ሰዓት ግዙለት ነው። ሙሉውን ትምህርት መክፈል ካቃተ፣ ብዙ ማሰልጠኛዎች ነጠላ ሰዓት ይሸጣሉ። ለመጀመሪያዎቹ ወራትም የራሳችሁን ገደብ አውጡ፦ ሌሊት የለም፣ ጓደኛ መጫን የለም። የደረጃ ሕጉ ባይመለከተውም የቤት ሕግ ይመለከተዋል።

*ትልልቅ ልጆች ያሉት ቤተሰብ።* ታላቅ ወንድም ወይም እህት እንዲያስተምሩ ከመተዋችሁ በፊት ክፍለ ግዛቱ የሚጠይቀውን ዕድሜና የመንጃ ልምድ እዩ። 19 ዓመት የሞላው ወንድም ብዙ ቦታ ለፊርማው አይበቃም፤ ቢበቃም እሱ ራሱ ገና ጀማሪ ነው።

ቦርዱ ፊት ሲቀርቡ

በጀት ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ ይደረጋል። ለመናገር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያ ጥቂት ደቂቃ ስለ ልጆች ሕይወት ማልቀስ ብዙም አይጠቅም፤ ከእናንተ በፊት የተናገሩት አልቅሰዋል። እነዚህን ጠይቁ፦

የመንገዱን ልምምድ ለማግኘት ልጆች ስንት ወር ወረፋ ይጠብቃሉ? ክፍሉን ከጨረሱት ስንቶቹ መንገዱንም ጨረሱ? ነጻ ምሳ ከሚያገኙት ልጆች መካከልስ? በአንድ ልጅ የሚወጣው ስንት ነው፣ በአካባቢው ያለ የግል ማሰልጠኛ ለዚያው ሰዓት ስንት ይጠይቃል? ፕሮግራሙ ቢዘጋ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ቁጥር ከሌላቸው፣ ቦርዱ የሚቆርጠውን ነገር ሳያውቅ ሊቆርጥ ነው ማለት ነው። ያንኑ በስብሰባው ላይ ተናገሩ፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ቀደም ብላችሁ፣ በስልክም በጽሑፍም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ መረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። የሜሪላንዱን ሞንትጎመሪ ካውንቲና የቨርጂኒያውን ፌርፋክስ የመሰሉ ዲስትሪክቶች ብዙ ወረቀታቸውን በአማርኛም ያወጣሉ። የመንዳት ትምህርቱ የድጎማ ቅጽ ከእነዚህ አንዱ ካልሆነ፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ እሱ ይሁን።